በክረምት መውጫ ምን ልትከል?

ፍልሰታ ተፈትቷል፤ ዝናቡ ግን ገና አልወጣም። ጓሮዎ ያለችውን ቁራጭ መሬት እያዩ «አሁን ብተክል ለመቼ ይደርሳል?» ካሉ፣ ለነቢያት ጾም ይደርሳል። ጾሙ ኅዳር 15 ይገባል። ከነሐሴ 16 ተነሥተው ሲቆጥሩ፣ ጳጉሜ አምስት ቀን ስትሆን፣ 94 ቀን አለዎት። ምርጫውን የሚወስንልን ይህ ቁጥር ነው። የምናገረው ለአዲስ አበባና እሷን ለመሰለ ደጋ ነው፤ ቆላ ሌላ ሒሳብ አለው።

መጀመሪያ ካሮትን ይዝሩ፤ ከ80 እስከ 90 ቀን ስለሚፈልግ ዛሬ ነገ የሚባል አይደለም። ካሮት ተነቅሎ መተከል አይወድም፤ ሥሩ ይጣመማል። ስለዚህ ዘሩን እዚያው በሚያድግበት ቦታ ይበትኑ። እስኪበቅል ሁለት ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል «ዘሩ ሞቷል» ብለው መሬቱን እንዳይቆፍሩት። ከበቀለ በኋላ ያሳሱት፤ ማሳሳት ማለት ተጠጋግቶ የወጣውን ነቅሎ ለቀሪው ቦታ መስጠት ነው። ብዙ ሰው አሳዝኖት ይተወዋል፤ ከዚያ የሚያገኘው እንደ ጣት የቀጠነ ካሮት ነው።

ቀይ ሥርና ቆስጣ ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም በ60 ቀን አካባቢ ስለሚደርሱ እስከ መስከረም መጀመሪያ ጊዜ አላቸው። አንዷ ዘር የምትመስለው ፍሬ በውስጧ ብዙ ዘር ስላላት፣ ከአንድ ቦታ ሁለት ሦስት ቡቃያ ቢወጣ አይገረሙ። ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ቢያሳድሯት ቶሎ ትበቅላለች። ቦታዎ ጠባብ ከሆነ እኔ የምመክርዎ ቆስጣን ነው፤ እየተቀጠፈች መልሳ ታቆጠቁጣለች።

ጥቅል ጎመንስ? ከዘር ከጀመሩ ረፍዷል። ችግኙ ብቻ አምስት ሳምንት ይፈጃል፣ ከተከላ በኋላ ደግሞ ወደ ሦስት ወር። የደረሰ ችግኝ ገዝተው ከተከሉ ግን ይሆናል። የአበሻ ጎመን ቅጠሉ ስለሚበላ ያን ያህል አያስጠብቅም። ሰላጣ ደግሞ ከሁሉም ፈጣን ነው፤ መስከረም አጋማሽ ላይ ቢዘራም ይደርሳል።

ቲማቲም፣ ቃሪያና ፎሶሊያን ለአሁኑ ይተዉአቸው። ጥቅምት ማለቂያ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር ውርጭ ይጥላል፤ እነዚህን በአንድ ሌሊት ያጠቁራቸዋል። እኔም አንድ ዓመት ፍሬ የያዘ ቲማቲሜን ማታ አይቼው ገብቼ፣ ጠዋት የተቀቀለ መስሎ አገኘሁት። ጎመንና ካሮት ግን ቀላል ውርጭ ይችላሉ፤ ብርዱ ስኳራቸውን ስለሚጨምረው እንዲያውም ይጣፍጣሉ።

አሁን መሬቱን እናዘጋጅ። የሚያስቸግርዎ የዝናቡ ብዛት ነው፤ ዋልካ አፈር ውኃ ይዞ ሥር ያበሰብሳል። መደብ ይሥሩ፤ ማለትም አፈሩን ከመሄጃው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርገው ይከምሩ። በደንብ የበሰበሰ ፍግ ይቀላቅሉበት። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል፤ ካሮትንም መንታ ያደርገዋል።

ወጪውስ? ዘሩ ቀላሉ ነው፤ ትልቁ ወጪ ውኃ ነው። ከመስቀል በኋላ ዝናቡን መጠበቅ አይቻልም። አንድ ካሬ ሜትር በቀን አምስት ሊትር ያህል ይጠጣል። አንድ ሜትር በአራት ሜትር የሆነች መደብ እንግዲህ በቀን አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ትፈልጋለች። ከመስቀል እስከ ኅዳር 15 ሲታሰብ 58 ጀሪካን ማለት ነው። ውኃ በጀሪካን የሚገዙ ከሆነ ዋጋውን በዚህ ያባዙና መጀመሪያ ይወስኑ፤ ምናልባት ግማሹን መደብ ብቻ መትከል ይሻልዎ ይሆናል። በተክሎቹ መካከል ደረቅ ሣር ከጎዘጎዙ አፈሩ ቶሎ ስለማይደርቅ ውኃው ይቀንሳል። የዕቃ እጣቢ ውኃ ግን ጥሬውን በሚበላው ሰላጣ ላይ አያፍስሱ።

ዝናቡ እንደወጣ ክሽክሽ ይመጣል። ክሽክሽ የጎመን ቅጠል ሥር ተሰብስቦ ጭማቂውን የሚመጥ ደቃቅ ተባይ ነው። ገና ጥቂት ሳለ በእጅዎ ይጥረጉት፤ ከበዛ በሳሳ የሳሙና ውኃ ያጥቡት።

ጎመንና ቆስጣ ሲደርሱ የውጭ የውጩን ቅጠል ብቻ ይቅጠፉ። መሐል ያለችውን ለጋ ካልነኩ፣ ጾሙ በገና ሲፈታም ከዚያችው መደብ ይቀጥፋሉ።