ጡብ መሰል ልባስ፦ ላዩ ሲያምር ውስጡን ለቄስ እንዳይሆን

የቤቱን ፊት በጡብ ማሳመር ፈልጎ ሙሉ ጡብ ለመገንባት አቅሙ የማይፈቅድለት ባለቤት ጡብ መሰል ልባስ ፍለጋ ገበያ ይወጣል። ነጋዴው ዋጋ የሚጠራው በካሬ ሜትር ነው፤ ገዥውም ይህንኑ ዋጋ ይዞ ከሱቅ ሱቅ ያወዳድራል። ይሁን እንጂ ኪስ የሚጎዳው የዕቃው ዋጋ ብቻ አይደለም። ማጣበቂያው፣ የግንበኛው የእጅ ዋጋ፣ የማዕዘን ቁራጩና ብክነቱ ተደምረው ነው እውነተኛው ዋጋ የሚታወቀው።

ዓይነቶቹ በሦስት ሊመደቡ ይችላሉ። የመጀመሪያው 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የተተኮሰ ሸክላ ነው። ቀለሙ የሸክላው የራሱ ስለሆነ ፀሐይ አያደበዝዘውም፤ ክብደቱ ግን በካሬ ከ30 ኪሎ በላይ ይደርሳል። ሁለተኛው በቅርጽ የሚወጣ ሲሚንቶ ነው። ይህን ሲገዙ አንድ ቁራጭ ሰብሮ ማየት ይበጃል፤ ቀለሙ ከላይ ብቻ የተቀባ ከሆነ ውሎ አድሮ ይለቃል። ሦስተኛው የፕላስቲክ ወይም የፎም ሰሌዳ ነው። ቀላልና ቶሎ የሚገጠም ቢሆንም ፀሐይ ያደበዝዘዋል፤ ከሁሉ በላይ ግን የሚያሰጋው እሳት ነው። በሰኔ 2009 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ በግሬንፌል ሕንፃ 72 ሰዎች ለሞት የተዳረጉት ቃጠሎው ፕላስቲክ ባለበት የውጭ ልባስ አማካይነት በመዛመቱ ነበር።

በቁጥር ለሚገዛ ሰው ሂሳቡ እንዲህ ነው። ፊቱ 24 በ6 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ በ1 ሳንቲ ሜትር መገጣጠሚያ ሲለጠፍ ለአንድ ካሬ 57 ይበቃል። መገጣጠሚያው ካልታሰበ ግን 69 ይሆናል። ለ40 ካሬ ግድግዳ ልዩነቱ 480 ቁራጭ ነው! ለብክነት 10 በመቶ ጨምሮ በካሬ 63 መያዝ በቂ ነው። ከተለያየ ምድጃ የወጣ ሸክላ ቀለሙ ስለሚለያይ ሁሉንም ባንድ ጊዜ መግዛት ይመረጣል።

ምርጫውን የሚወስነው ግን ግድግዳው ነው። በሲሚንቶ የተለሰነ ብሎኬት ሸክላ ይሸከማል፤ ቀለም የተቀባ ከሆነ ግን ቀለሙ ተፍቆ መነሳት አለበት። አለዚያ ቁራጩ የሚጣበቀው ከቀለሙ ጋር ነውና አብሮት ይወድቃል። ጭቃ ቤት ላይ ሸክላ በቀጥታ መለጠፍ ገንዘብ መጣል ነው፤ ጭቃው በክረምት እያበጠ በበጋ እየተሰነጠቀ ልባሱን ያራግፈዋል። ከፍ ካለ ቦታ የሚወድቅ ቁራጭ ደግሞ መንገደኛን ይጎዳል።

ገንዘቡ ለማይበቃ ባለቤት ከሁሉ የሚሻለው መላውን ቤት በርካሽ ሰሌዳ ከመሸፈን ይልቅ ከመስኮት በታች ያለውን፣ ዝናብ የሚፈናጠቅበትን ክፍል ብቻ በደህና ሸክላ ማልበስ፣ የቀረውን በልስንና በቀለም መጨረስ ነው።