ነቀዝ ያጋለጠው ሄሮይን

እ.ኤ.አ. በ1972 መጨረሻ ላይ የኒውዮርክ ፖሊስ በኤግዚቢት ማከማቻው ውስጥ የተቀመጡ የሄሮይን ከረጢቶችን ነፍሳት እየበሏቸው አገኘ። ነቀዝ የሚወደው ዱቄት ነው። ከረጢቶቹ ሲፈተሹም ውስጣቸው ያለው ዱቄት ሆኖ ተገኘ። 180 ኪሎ ገደማ ሄሮይንና ኮኬይን ተወስዷል። ከዚህ ውስጥ በ1962 «ፍሬንች ኮኔክሽን» በተባለው ታዋቂ ምርመራ የተያዘው ይገኝበታል። በምርመራው ላይ የተሠራው ፊልም በዚያው በ1972 የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር ወስዷል። በር የሰበረ ሌባ ግን አልነበረም፤ ዕቃው የወጣው በፊርማ ነው፣ ያውም በሐሰተኛ ፊርማ።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል የሠራ ሰው ሞዴል 19ንና ሞዴል 22ን ያውቃቸዋል። በአንዱ ዕቃ ገቢ ይሆናል፣ በሌላው ወጪ ይደረጋል፤ ሰጪም ተቀባይም ይፈርማሉ። የማስረጃ ርክክብ ሰንሰለት የሚባለውም በመሠረቱ ይኸው ነው። የሚለየው መዝገቡ ላይ የሰፈረው ነገር ሰውን ለዓመታት ሊያሳስር መቻሉ ነው።

አሜሪካ ውስጥ አሠራሩ እንዲህ ነው። ዕፁን የያዘው ፖሊስ ከረጢት ውስጥ ይከተዋል፤ የት፣ መቼና ከማን እንደያዘው ይጽፋል፤ ከዚያ ያሽገዋል። የሚፈርመው ግማሹ ማሸጊያው ላይ፣ ግማሹ ከረጢቱ ላይ እንዲያርፍ አድርጎ ነው፤ አንድ ሰው ማሸጊያውን ቢነካካው ፊርማው አይገጥምም። ከረጢቱ ወደ ማከማቻ፣ ከማከማቻ ወደ ላቦራቶሪ ሲሄድ በእያንዳንዱ ርክክብ ቀን፣ ሰዓትና ስም ይመዘገባል። ጠንቃቃ የላቦራቶሪ መርማሪ የፖሊሱን ማሸጊያ አይቀድም፤ ከረጢቱን በሌላ ጎን ከፍቶ ናሙናውን ይወስድና የራሱን ማሸጊያ ይለጥፋል። ስለዚህ ከረጢቱ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ማን የት ጋ እንደከፈተው ከላዩ ላይ ይነበባል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? ሽጉጥ ቁጥር አለው፣ የተሰረቀ መኪና ሻንሲው ላይ ይታወቃል። ነጭ ዱቄት ግን ከሌላ ነጭ ዱቄት በዓይን አይለይም፤ «ከእኔ ኪስ የወጣው ይህ አይደለም» የሚልን ተከሳሽ የሚረታው ወረቀቱ ብቻ ነው። ክብደትም አለ። በፌዴራል ሕግ 500 ግራም ኮኬይን ለመሸጥ የያዘ ሰው ዝቅተኛ ቅጣቱ 5 ዓመት ነው፤ 5 ኪሎ ከሆነ 10 ዓመት። ፖሊሱ ከነከረጢቱ መዝኖ፣ ላቦራቶሪው ያለ ከረጢት ሲመዝነው ልዩነት ይመጣል፤ ጠበቃም ከዚያው ይጀምራል። ሆኖም አንድ ፊርማ ስለጎደለ ብቻ ክሱ አይፈርስም። ዳኞች ብዙውን ጊዜ ማስረጃውን ይቀበሉና ከነጉድለቱ ምን ያህል እንደሚያሳምን ወይም እንደማያሳምን ለጁሪው ይተዉለታል።

የእኛው ጫት ደግሞ የባሰ ነው። በአሜሪካ በጥብቅ የተከለከለው ትኩሱ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን ነው፤ ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖኑ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል፣ ካቲን ደግሞ በሕጉ የተመደበው በጣም በላላ ደረጃ ነው። ያደረ ጫት እንደ ትኩሱ እንደማይሆን ቃሚ ሁሉ ያለ ላቦራቶሪ ያውቀዋል። ስለዚህ አየር ማረፊያ ላይ የተያዘ ጫት በማን እጅ እንደቆየ ብቻ ሳይሆን ማቀዝቀዣ ውስጥ መግባት አለመግባቱም ጥያቄ ይሆናል። ማንም ሳይነካው ማስረጃው በገዛ ራሱ ይለወጣላ!

ሰንሰለቱ ላይ ለእኔ በጣም የሚያሰጋው ቦታ ላቦራቶሪው ነው፤ ለረጅም ጊዜ ማንም ያልጠየቀው እሱ ነበርና። እስከ 2009 ድረስ በማሳቹሴትስ ግዛት «ኮኬይን ነው» የሚል የላቦራቶሪ ወረቀት ብቻውን ይቀርብ ነበር። በዚያ ዓመት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ የመረመረው ሰው ራሱ ቀርቦ በመስቀለኛ ጥያቄ መፈተን አለበት አለ። ለክርክሩ መነሻ የሆነው ወረቀት የወጣው ቦስተን ካለው ሂንተን ላቦራቶሪ ነበር።

በዚያን ጊዜ አኒ ዱኻን የምትባል ኬሚስት እዚያው ትሠራለች። የሥራ ባልደረቦቿ በወር ከ50 እስከ 150 ናሙና ሲመረምሩ እሷ ከ500 በላይ ትጨርስ ነበር። አለቆቿ ጎበዝ ናት አሉ። በኋላ እንደታወቀው ብዙውን በዓይኗ ብቻ እያየች «ተመርምሯል» ትል ነበር፤ ዕፅ የሌለበትንም ናሙና ዕፅ ጨምራ ዕፅ አድርጋዋለች። ጉዱ የወጣው ግን በርክክብ መዝገቡ ነው፦ በሰኔ 2011 ከማከማቻው 90 ናሙና ሳትፈርም አውጥታ፣ ኋላ የሌላ ሠራተኛን ፊርማ አስመስላ መዝገቡ ላይ አስገብታለች። ላቦራቶሪው በነሐሴ 2012 ተዘጋ፤ እሷም በ2013 ጥፋተኝነቷን አምና ከ3 እስከ 5 ዓመት እስራት ተፈረደባት።

በሚያዝያ 2017 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 21,587 የዕፅ ክሶችን ሰረዘ። ከተከሳሾቹ ብዙዎቹ ያን ጊዜ ቅጣታቸውን ጨርሰው ወጥተው ነበር።