የጸጋዬ ቤት

አምቦ ሲነሣ ብዙው ሰው ጠበሉንና ጋዝ ያለውን ውሃ ያስታውሳል። በአማርኛ ግጥም በስሙ ቤት የተጠራለት ሰው የዚያው አገር ልጅ መሆኑን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 በአምቦ አቅራቢያ ቦዳ ተወለደ፤ በ1998 ኒውዮርክ አረፈ። ተውኔቶቹንም፣ ኦቴሎንና ሐምሌትን ወደ አማርኛ መመለሱንም አንባቢ ያውቃል።

የሚዘነጋው የስንኙ ልክ ነው። የወል ቤት ስንኙን ስድስት ስድስት ቀለም አድርጎ ይከፍላል፤ ሰንጎ መገን አምስት አምስት። ጸጋዬ ስምንት ስምንት አድርጎ ገጠመ፤ የሥነ ግጥም መምህራንም ልኩን «የጸጋዬ ቤት» አሉት።

ቀለም ግን ፊደል አይደለም። ጀማሪ የሚሳተው እዚህ ላይ ነው። «አምቦ» ለዓይን ሦስት ፊደል ነው፤ ለጆሮ ሁለት፦ አም፣ ቦ። ሳድሱ «ም» ብቻውን አይቆምም፤ ከፊቱ ያለውን ፊደል ይደገፋል። «አምቦ ሜዳ ቆሜ፣ ሁሉቃን ሰማሁ» ቢባል (ሁሉቃ የአምቦ ወንዝ ነው) ስድስት ስድስት ነው። «አምቦ ሜዳ ቆሜ ዛሬ፣ ሁሉቃ ሲወርድ ሰማሁ» ሲባል ስምንት ስምንት ይሆናል። ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ትንፋሹ ይረዝማል፣ ማረፊያው ይዘገያል፣ ድምፅ ደረት ድረስ ይወርዳል። ለመድረክ የሚጽፍ ሰው ይህን ስፋት መፈለጉ አያስገርምም።

ቤት ስለ መታ ብቻ ጽሑፉን ግጥም ብሎ መድረክ ላይ የሚወጣ ሰው ግን ቅር ያሰኛል። ቤት መምታት የስንኝ ጫፍ ነው፤ ከጫፉ በፊት ያለው ወለም ዘለም ካለ ጫፉ አያድነውም።

የቅኔ ተማሪ እንዲህ አይቸኩልም። በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ከሰው ርቆ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲቆጥር ይውላል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ የተሰበረው እዚያው ይታረማል። ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ የሚደርሰው እንዲህ ሲፈተን ከከረመ በኋላ ነው።

ጸጋዬም አልቸኮለም፤ በልጅነቱ ግዕዝ ተምሯል፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለንደንና ፓሪስ ሄዶ ቲያትርን ከባለሙያዎቹ አጠና። «እሳት ወይ አበባ» የተባለው የግጥም መድበሉ በ1966 ሲታተም አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ጉደር ከተማ፣ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ አንድ ወጣት ስልኩ ላይ የጻፈውን ግጥም ለዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ አነበበለት። የወል ቤት ነው ብሎ ነበር፤ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ግን ምላሱ ተሰናከለ። በጣቱ እንዲቆጥር ተነገረው። አንዱ ግማሽ ሰባት መጣ። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ዝም ብሎ ስልኩን ሲያይ ቆየና «ግን» የምትለዋን ቃል አጥፍቶ፣ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ እያሳረፈ እንደገና ከአንድ ጀመረ።