የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሞተር ሲያጉረመርምና አልዞር ሲል

ባለ ሁለት ገንዳ የልብስ ማጠቢያ ማሽን በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ከተሞች ወደ መኖሪያ ቤቶች እየገባ ያለ መሣሪያ ነው። ማሽኑ ሥራ ሲያቆም አዘውትሮ የሚሰጠው ፍርድ «ሞተሩ ተቃጥሏል» የሚል ነው። ፍርዱ ከምርመራ በፊት ሲሰጥ ግን ጤነኛ ሞተር ተነቅሎ ይጣላል፤ በምትኩ የተገዛውም በዚያው ባልታወቀ ምክንያት ሊበላሽ ይችላል። የችግሩ መነሻ የሞተሩ ጥቅልል ሳይሆን ወደ ቤቱ የሚደርሰው የኤሌክትሪክ ኃይል፣ አንድ አነስተኛ ካፓሲተር ወይም ከማዞሪያው ሥር የተጠመጠመ የነጠላ ክር ሊሆን ይችላልና።

ማንኛውም ፍተሻ ከመጀመሩ በፊት ስፒናው ከሶኬቱ መነቀል አለበት። የማሽኑን ማብሪያ ማጥፋት ብቻውን በቂ አይደለም፤ ማብሪያው ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱን ብቻ የሚያቋርጥ ሊሆን ይችላል። እጅም ወለልም መድረቅ ይኖርበታል፤ ጫማ ማድረግም ግዴታ ነው። በተለይ ሊተኮርበት የሚገባው የማሽኑ አካል ሲነካ የሚነዝር ከሆነ ነው። «ትንሽ ነው የሚነዝረው» ተብሎ አጠባውን መቀጠል ለሕይወት አደጋ ያጋልጣል። ስፒናውን ገልብጦ በመሰካት ንዝረቱ የጠፋ ሊመስል ይችላል፤ ብልሽቱ ግን ባለበት ነው። እንዲህ ያለ ማሽን በባለሙያ ተፈትሾ፣ የመሬት መስመሩም ተረጋግጦ ካልሆነ በቀር ዳግም ሊሰካ አይገባም።

ባለ ሁለት ገንዳ ማሽን ሁለት ሞተሮች አሉት፤ አንዱ ለማጠቢያው፣ ሌላው ለማድረቂያው። ስለዚህ አንደኛው ገንዳ ሠርቶ ሌላው ቢያቆም ሶኬቱና ዋናው ገመድ ደህና መሆናቸውን ያመለክታል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ዝም ካሉ ግን ሞተር ከመጠርጠር በፊት ሶኬቱን በሌላ ዕቃ መሞከር፣ ብሬከሩንም ማየት ይቀድማል።

ሞተሩ እያጉረመረመ የማይዞር ከሆነ በቅድሚያ መታሰብ ያለበት ቮልቴጁ ነው። በአገራችን ለመኖሪያ ቤት የሚቀርበው ኃይል 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የእነዚህ ሞተሮች የማዞር ጉልበት የሚቀንሰው ቮልቴጁ በቀነሰበት መጠን ሳይሆን በመጠኑ ስኩዌር ነው። ቮልቴጁ ወደ 176 ቢወርድ፣ ማለትም 80 በመቶው ብቻ ቢቀር፣ የሞተሩ ጉልበት ወደ 64 በመቶ ይወርዳል። አምፖሉ ጥቂት ደብዘዝ ብሎ ይበራል፤ በውሃና በልብስ የተሞላውን ገንዳ ማንቀሳቀስ የተሳነው ሞተር ግን ባለበት ቆሞ ከልክ ያለፈ ከረንት ይስባል፣ ይግላል፣ ካልተቋረጠም ይቃጠላል። የሚያጉረመርም ሞተርን «ትንሽ ቆይቶ ይነሣል» ብሎ መጠበቅ ተገቢ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ወዲያውኑ መጥፋት አለበት።

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ የባለ ሁለት ገንዳ ማሽን ሞተር ግን የሚበቃው ጥቂት መቶ ዋት ነው። በአንድ ትራንስፎርመር የሚገለገሉ ቤቶች በአንድ ሰዓት እንጀራ ሲጋግሩ በመስመሩ ጫፍ ያለው ቤት ቮልቴጅ ይወርዳል። ስለዚህ ቀላሉ ሙከራ ምጣድና ምድጃ ባልበሩበት፣ የሰፈሩም ፍጆታ ዝቅ ባለበት ሰዓት ማሽኑን ባዶውን ማስነሣት ነው። በዚያን ጊዜ ያለ ችግር ከዞረ ሞተሩ ሳይሆን ኃይሉ እንደ ደከመ መገመት ይቻላል። ለቴሌቪዥን የተገዛ ስታቢላይዘር ላይ ማሽኑን መሰካት ግን መፍትሔ አይሆንም፤ ሞተር ሲነሣ የሚወስደው ከረንት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ በመሆኑ አቅሙ የሚመጥን ሊሆን ይገባል።

ቮልቴጁ ደህና ከሆነ ስፒናው ተነቅሎ ገንዳው ሥር ያለውን ክብ ማዞሪያ በእጅ ማዞር ይገባል። በቀላሉ የማይዞር ከሆነ ችግሩ መካኒካዊ ነው። የነጠላ ዘርፍ፣ ቁልፍና ሳንቲም ከማዞሪያው ሥር ይገባሉ፤ መካከለኛውን ብሎን በካቻቢቴ ፈትቶ ማጽዳት ለማንኛውም ሰው የሚቻል ሥራ ነው። አራት ድርብ የሆነው ጋቢም ውሃ ሲጠጣ ክብደቱ እጅግ ስለሚጨምር ከሌላ ልብስ ጋር ሊታጨቅ አይገባም፤ የማሽኑ አቅም ካልፈቀደም በእጅ ቢታጠብ ይመረጣል። በሌላ በኩል ሞተሩ ያለ ጭንቀት ሲዞር ተሰምቶ ማዞሪያው ከቆመ ችንጋው ላልቷል ወይም ተበጥሷል። ማድረቂያው ብቻ ካልሠራ ደግሞ ክዳኑ በትክክል መገጠሙን ማየት ይቀድማል፤ ክዳኑ ካልተዘጋ ሞተሩ ኃይል አያገኝም።

ማዞሪያው በእጅ በነጻነት እየዞረ፣ ቮልቴጁም ሙሉ ሆኖ ሞተሩ ቢያጉረመርም ተጠርጣሪው ካፓሲተሩ ነው። ሞተሩ ከቆመበት እንዲነሣ ሁለተኛው ጥቅልል ከመጀመሪያው በጊዜ የተዛነፈ ከረንት ማግኘት ይኖርበታል፤ ይህን የሚያደርገው ካፓሲተሩ ነው። ዋጋው ከሞተሩ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሆኖም ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ኃይል አከማችቶ ሊቆይ ስለሚችል ጫፎቹን በእጅ መንካት ክልክል ነው፤ ቅያሪው ለባለሙያ ይተው። ተጠቃሚው ማወቅ ያለበት አዲሱ ካፓሲተር በማይክሮ ፋራድ ከአሮጌው ጋር እኩል፣ በቮልት ደግሞ እኩል ወይም የበለጠ መሆን እንዳለበት ነው።

ሞተሩ በሥራ መካከል ቆሞ ከግማሽ ሰዓት ወይም ከአንድ ሰዓት በኋላ በራሱ የሚነሣ ከሆነ የሙቀት መከላከያው ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የኤሌክትሪክ ሞተሮች አቅም በመደበኛ አሠራር የሚሰላው ግን እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተርን የማቀዝቀዝ ኃይሉ ይቀንሳል። የደጋው ቅዝቃዜ ጉድለቱን በከፊል ቢያካክስም በተከታታይ ከሚደረግ አጠባ መካከል ማሽኑን ማሳረፍ ጠቃሚ ነው። የቃጠሎ ሽታ ወይም ጭስ ከታየ፣ ወይም ስፒናው በተሰካ ቁጥር ብሬከሩ ከወረደ ግን የቤት ውስጥ ሙከራው እዚያው ያበቃል።

በክረምት፣ መብረቅ በሚያይልበት ወቅት፣ ማሽኑ በማይሠራበት ጊዜ ሁሉ ስፒናው ይነቀል። መብራት በአጠባ መካከል ቢጠፋም እንዲሁ፤ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ መሰካት ይሻላል። የማሽኑ ሥር ክፍት ከሆነ አይጥ ገመዱን ቆርጦት እንደሆነም መመልከት ይገባል።

ማሽኑ ወደ ጥገና ሲወሰድ ብልሽቱ የታየበትን ሰዓት፣ በወቅቱ ሌላ ምን እንደ በራ፣ ሞተሩ ያጉረመርም ወይም ዝም ይል እንደ ነበር ለጠጋኙ መንገር ሥራውን ያሳጥራል። የቮልቴጁ መውረድ በጎረቤትም የሚታይ ከሆነ ጉዳዩ የማሽኑ ስላልሆነ በአቅራቢያ ላለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል ወይም በ905 የጥሪ ማዕከል ማሳወቅ ይቻላል፤ ሲያመለክቱም ቮልቴጁ የሚወርድበትን ሰዓትና የሰፈሩን ትራንስፎርመር መገኛ መግለጽ ያስፈልጋል።