መንገድ የሚያመጣው የሰው ቁጥር

በሥራዬ ምክንያት ከእናንተ ጋር ቅጽ ስንሞላ «የቤተ ሰቡ ብዛት» የሚለው ጥያቄ ላይ ስንደርስ አንዳንዶቻችሁ ዝም ትላላችሁ። ልጅ አይቆጠርም የሚሉ እናቶች ብዙ ጊዜ አጋጥመውኛል። እኔም በዚሁ አባባል ስላደግሁ አልፈርድባቸውም። ዛሬ ግን መቆጠር ለአንድ የገጠር መንደር ምን እንደሚያመጣለት ከሕንድ አገር ላጫውታችሁ።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ2011 በሕንድ በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከ640 ሺህ በላይ መንደሮች ተመዝግበዋል። በዚያን ጊዜ ከ100 ሰው 69 ያህሉ የሚኖረው በገጠር ነበር። ስለ እያንዳንዱ መንደር የተጻፈው የሰዉ ቁጥር ብቻ አይደለም። አውቶቡስ ይደርሳል ወይ? ባቡር ጣቢያስ አለ? ከሌለ፥ በቅርብ የሚገኘው ከ5 ኪሎ ሜትር በታች ነው፥ ከ5 እስከ 10 ነው ወይስ ከ10 በላይ? ይህ ሁሉ በሰንጠረዥ ይሰፍራል። እንዲህ ያለውን ሰንጠረዥ የሚያነብ ሰው መንደሩን ሳይረግጥ የነዋሪውን ድካም ያውቃል። ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክማችሁ የምታውቁ ከሆነ፥ «ከ10 በላይ» የሚለው ምን ማለት እንደ ሆነ እኔ ልነግራችሁ አያስፈልግም።

ቁጥሩ ወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። ዲሴምበር 25 ቀን 2000 የሕንድ መንግሥት፥ አታል ቢሃሪ ቫጅፓዪ ጠቅላይ ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ፥ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ለመንደሮች የሚሠራበትን ዕቅድ ጀመረ። በሜዳማው አገር 500 እና ከዚያ በላይ ሰው ያለበት ሰፈር መንገድ ይገባዋል ተባለ፤ በተራራ፥ በበረሃና የጎሳ ሕዝቦች በሚኖሩበት አካባቢ ደግሞ 250 ይበቃል ተባለ። መለኪያው የ2001 ቆጠራ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ 500 ሰው ያለበት ሰፈር አንድ ሕፃን ሳይቆጠር ቢቀር ምን እንደሚያጣ! ደግነቱ፥ ተቀራርበው ያሉ ትናንሽ ጎጦች ቁጥራቸው ተደምሮ እንዲታይ ደንቡ ይፈቅዳል።

ከዚህ ዕቅድ በፊት ግን ለመንደራቸው መንገድ የሠሩ አንድ ሰው ነበሩ። በቢሃር ግዛት፥ በጋያ አውራጃ፥ ጌህሎር የሚባል መንደር አለ። በመንደሩና በዋዚርጋንጅ ከተማ መካከል ድንጋያማ ኮረብታ ቆሞ ነበር። ሐኪምም ገበያም የሚገኘው ከኮረብታው ማዶ ነው። የዚያ መንደር ሰው የነበሩት አቶ ዳሽራት ማንጂ መሬት የሌላቸው የቀን ሠራተኛ ነበሩ። ባለቤታቸው ፋልጉኒ ዴቪ በ1959 ሞቱ፤ ኮረብታውን ሲሻገሩ ጉዳት ደርሶባቸው፥ በጊዜ ሕክምና ሳያገኙ እንደ ቀሩ ይነገራል።

አቶ ማንጂ በ1960 መዶሻና መሮ ይዘው ድንጋዩን መፈልፈል ጀመሩ። የመንደሩ ሰው አበዱ ብሎ ሳቀባቸው። (እንዲህ ያለ ነገር የትም አገር ያው ነው።) ሥራው 22 ዓመት ፈጀ። በ1982 ሲያበቃ ርዝመቱ 110 ሜትር፥ ወርዱ 9 ሜትር ያህል የሆነ መተላለፊያ ተከፈተ። ከአትሪ ወደ ዋዚርጋንጅ 55 ኪሎ ሜትር ያስኬድ የነበረው ጉዞ ወደ 15 ኪሎ ሜትር ዝቅ አለ።

ይሁን እንጂ የተከፈተው መተላለፊያ እንጂ የመኪና ጥርጊያ አልነበረም። አቶ ማንጂ መንግሥት መንገዱን በወጉ እንዲያሠራው ባለ ሥልጣኖችን ሲለምኑ ዓመታት አለፉ፤ የባቡር ሐዲድ ተከትለው እስከ ዴልሂ በእግራቸው መሄዳቸውም ይነገራል። በኦገስት 17 ቀን 2007 በዴልሂ ሆስፒታል ሲሞቱ የቢሃር መንግሥት በክብር ቀበራቸው። አስፋልቱ የፈሰሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ መንገዱም በስማቸው ይጠራል።