የጎደለው ልጁ ነው ወይስ ሚዛኑ?

እህል ጭናችሁ ገበያ ስትወጡ መጀመሪያ የምታዩት የነጋዴውን ሚዛን ነው። ሚዛኑ ከተዛባ ጥፋቱ የእህሉ አይደለም። የሰውን አእምሮ እንመዝናለን የሚሉ ፈተናዎችም አሉ። እስቲ የእነሱን ሚዛን እንይ።

በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር፣ ሞንተሬይ በሚባለው አውራጃ ሰላጣና አትክልት የሚለቅሙ ብዙ የእርሻ ወዛደሮች አሉ። ብዙዎቹ ዘራቸው ከሜክሲኮ ነው፤ በቤታቸው የሚነጋገሩት በእስፓኝኛ ነው። ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሲገቡ የአእምሮ ፈተና ተሰጣቸው። ፈተናው ግን በእንግሊዝኛ! የመካከለኛ ሰው ውጤት 100 ተብሎ በሚቆጠርበት በዚህ ፈተና 9 ልጆች በጣም ዝቅተኛ ነጥብ አገኙ። «አእምሯቸው ዘገምተኛ ነው» ተባሉና ለብቻ ክፍል ተመደቡ። እዚያ ክፍል የገባ ልጅ የሚማረው ትንሽ ስለሆነ ከእኩዮቹ እየራቀ ይሄዳል።

ወላጆች ዝም አላሉም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1970 (በእኛ በ1962 ዓ.ም.) ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ልጆቹ በእስፓኝኛም መልስ መስጠት ተፈቅዶላቸው እንደገና ተፈተኑ። ውጤታቸው በአማካይ፣ ማለት ተደምሮ ለ9 ሲካፈል፣ 15 ነጥብ ከፍ አለ። አብዛኞቹም ከዘገምተኞቹ መደብ ወጡ። ልጆቹ እኮ ያው ልጆች ናቸው!

ነገሩ እንዴት ነው? በማያውቀው ቋንቋ የተጠየቀ ሰው ሁለት ሥራ አለበት። አንዱ የጥያቄውን ቃል መፍታት፣ ሁለተኛው መልሱን ማሰብ። ሰዓቱ የተሰጠው ግን ለአንዱ ነው። እናንተስ በሬ እንዴት እንደሚገራ በባዕድ ቋንቋ ብትጠየቁ ምን ትላላችሁ? ዝም ነው። ፈታኙም ዝምታችሁን አለማወቅ ብሎ ይጽፈዋል።

«ታዲያ በሥዕል ይፈተኑ» የሚል አይጠፋም። እሱም ተሞክሯል። በፈረንጆች በ1917 የአሜሪካ ጦር ማንበብ ለማይችሉና እንግሊዝኛ ለማያውቁ ምልምሎች የሥዕል ፈተና አዘጋጀ። ከሥዕሉ የጎደለውን ሙሉ ይላል። አንዱ ሥዕል መረብ የሌለው የቴኒስ ሜዳ ነበር። ቴኒስ አይቶ የማያውቅ የባላገር ልጅ መረቡን ከየት ያምጣው?

የካሊፎርኒያው ክስ በዚያው ዓመት በስምምነት ተቋጨ። በቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚነገር ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋውም እንዲፈተን፣ ቀድሞ ወደዚያ ክፍል የተላኩት የሜክሲኮ ተወላጆችም እንደገና እንዲመዘኑ ተስማሙ። ለ9ኙ ልጆች ግን እዚያ ክፍል ያባከኑትን ጊዜ የመለሰላቸው የለም።