የአገሬው ልጅ የዱር ጠባቂ ሲሆን

ከየካ በላይ የሚታየው የእንጦጦ ጋራ ደን ጠባቂ ያስፈልገዋል። ጠባቂው ከየት ይምጣ? የሚለው ጥያቄ ግን ትንሽ አይደለም። ከሩቅ የመጣ ሰው ጭራሮ ለቅማ የምታድረውን እናት ዛፍ ቆርጦ ከሚሸጠው ሌባ ለይቶ ለማወቅ ይቸገራል። የመንደሩ ልጅ ግን ሁለቱንም ያውቃል። ጥቅሙን ለመረዳት በአገራችን የተፈተኑ ሁለት ቦታዎችን እንመልከት።

የመጀመሪያው በሰሜን ሸዋ የሚገኘው የመንዝ ጓሳ ነው። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይጠብቀው ነበር። በተመረጠ አለቃ ትእዛዝ ሣሩ ለዓመታት ይከለከላል፤ በደረሰ ጊዜ ይከፈትና ባለመብቱ ሁሉ ያጭዳል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ቄሮ ፈረሰ፤ ሣሩም ያለ ጠባቂ ቀረ። በኋላ ሕዝቡ ጥበቃውን በኮሚቴ አደራጀ፤ ቦታውም እ.ኤ.አ. በ2008 የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ በሕግ ታወቀ። ዛሬ የሚጠብቁት የአካባቢው ተወላጆች ናቸው።

ሁለተኛው በ1962 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። እዚያ ጎብኚውን መሣሪያ ይዞ የሚያጅበው ጠባቂ የአገሬው ሰው ነው፤ በቅሎ አከራዮችም በተራ ይሠራሉ። ፓርኩ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገብቶ ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. ወጣ። ይህ የጠባቂዎች ድካም ብቻ ውጤት አይደለም፤ ያለ እነርሱ ግን ዋልያውን የሚጠብቅ አይገኝም ነበር።

ከዚህ የሚገኘው ጥቅም የሚከተለው ነው።

1ኛ/ ደመወዙ በመንደሩ ይቀራል። በክረምት ጎተራ ሲጎድል ባለደመወዙ ቤት በግ ሳይሸጥ እህል ይገዛል፤ ከጎረቤቱም ይገበያያል።

2ኛ/ የአገሬው ልጅ ገደሉን፣ ምንጩንና የከብቱን መንገድ ያውቃል። እሳት ሲነሣ ቶሎ ይደርሳል። ያበደ ውሻ ሲያይ ለእንስሳት ሐኪም ይነግራል፤ የውሻ እብደት ሰውንም፣ ከብትንም፣ ቀይ ቀበሮንም ይገድላልና። ቀይ ቀበሮ ደግሞ አይጥና ፍልፈል የሚበላ አውሬ ነው።

3ኛ/ ጠብ ይቀንሳል። ሕጉን በገዛ ቋንቋው የሚያስረዳውን ጎረቤቱን ገበሬው ይሰማዋል።

ይሁን እንጂ ደመወዙ የሚደርሰው ለጥቂት ሰው ነው። አንዱ ተቀጥሮ ሌላው ሣር ከተከለከለ ቅናትና ሌሊት መቁረጥ ይከተላል። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው አስቀድሞ ሊያደርገው የሚገባው ይህ ነው፦

ሀ/ ሣር የሚታጨድበትንና ጭራሮ የሚለቀምበትን ቀንና ቦታ ከሕዝቡ ጋር ይወስን።

ለ/ ጠባቂው በአደባባይ ይመረጥ፤ ሴቶችም ይመረጡ። ጭራሮ ለቃሚዎች ጫካውን ከማንም በላይ ያውቁታል።

ሐ/ ጠባቂው ዘመዱን ቢይዝ ብቻውን አይፍረድ፤ ነገሩ ለተመረጠው ኮሚቴ ይቅረብ።

መ/ ደመወዙ በወቅቱ ይከፈል። ሳይከፈለው የሚሠራ ጠባቂ በጉቦ ይፈተናል።

ገበሬዎች ሆይ! ጠባቂ ምረጡ በተባላችሁ ጊዜ፣ ሕጉን በእናንተ ላይም ሆነ በራሱ ወንድም ላይ እኩል የሚያጸናውን ሰው ምረጡ። ሣሩ የሚተርፈው እንዲህ ሲሆን ነው።